ከአርማታው በፊት ጠይቁን

(በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ በኢትዮጵያውያን የወር ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። «ጽፈህ ለጥፈው» ስላላችሁኝ ከቅጂው እንዳለ ገለበጥኩት። ሳሉንና የማይክሮፎኑን ጩኸት ብቻ አውጥቻለሁ።)

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። ወደ ፊት ኑ ብላችሁ እንደማትመጡ አውቃለሁ። ሐበሻ የፊት ወንበር አይወድም። ስለዚህ እኔው እጮሃለሁ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ቡና የምታፈሉትንም እህቶች አመሰግናለሁ፣ ጭሱ ሐሳቤን እየበተነው ነው እንጂ።

ዛሬ ስለ ኑክሌር ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። «አንተ ኤሌክትሪሻን ነህ፣ ስለ መብራት ታውቃለህ» አሉኝ። እኔ ሶኬት ነው የምቀይረው! ሆኖም እምቢ ያላልኩት በምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ ተተክለን ነበር። አልቅሰናል፣ ጨፍረናል። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫም ልትገነባ እንደሆነ ተናገሩ። ወር ሳይሞላ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቡና ላይ ያለው ክርክር አላባራም። ግማሻችሁ «አገራችን ሠለጠነች» ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ «ቸርኖቤልን ሊያመጡብን ነው» ትላላችሁ።

እኔ ኑክሌር ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። እሱን ለተማሩት እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ስለ ጎረቤቶቹ ነው። ጣቢያው ከአጥሩ ማዶ ስለሚተከልበት ሰው። ያ ሰው «አልፈልግም» ሲል ምን እናደርገዋለን? መሃይም ነው እንላለን? የልማት ጠላት ነው እንላለን? ወይስ ወንበር ስበን «ለምን አልፈለግክም?» ብለን እንጠይቀዋለን?

ሦስት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የፅቬንተንዶርፍ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የጀርመን ወይን ገበሬዎች ጉዳይ ነው። ሦስተኛው እኛው ነን። የአውሮፓን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር።

እሺ፣ አንደኛ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ፅቬንተንዶርፍን በዓይኑ ያየ? ... ጥቂት ናችሁ። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራችሁ! ከቪየና በዳኑብ ወንዝ ሽቅብ ወደ ምዕራብ ብትነዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወንዙ ዳር ግራጫ ሕንፃ ቆሟል። ከጎኑ 110 ሜትር የሚረዝም ጭስ ማውጫ አለ። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ሙሉ። ያለቀ። የኑክሌር ነዳጁ የሚነድበት ሪአክተሩ፣ ተርባይኑ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ግን አንድም ቀን አልሠራም። አንድም ቀን! ወደ 700 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነበር የተሠራው። ከሁለት የተከዜ ግድብ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት አምፖል የሚያበራ የኑክሌር ኃይል አልወጣም።

ለምን? ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ «አይሆንም» ስላለ።

ግንባታው በ1972 ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ነዳጅ በዓለም ላይ ተወደደ። የፎቃችን አሮጊት ጎረቤት፣ እኔና ልጆቼ «ኦማ» ነው የምንላት፣ ያን ጊዜ በደንብ ታስታውሰዋለች። መኪና ያለው ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን እንዳይነዳ ታዝዞ ነበር፣ የመረጠውን ቀን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «የራሳችንን ኃይል እናመንጭ» የሚል መንግሥት ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? ቻንስለሩ፣ የመንግሥቱ መሪ ማለት ነው፣ ብሩኖ ክራይስኪ ነበር። ተወዳጅ ሰው ነው። የሠራተኛ ማኅበሩም ከእሱ ጋር ነው፣ የፋብሪካ ባለቤቶቹም ከእሱ ጋር ናቸው። አለቃና ሠራተኛ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲስማሙ እስቲ መቼ ነው ያያችሁት?

ተቃዋሚዎቹ ታዲያ እነማን ነበሩ? ይሄን ልብ በሉልኝ። ገበሬዎች። ተማሪዎች። ሐኪሞች። የመሬትን ጠባይ የሚያጠኑ ምሁራን። እናቶች። በምዕራብ ጫፍ ካለው ክፍለ ሀገር፣ ከፎራርልበርግ፣ እናቶች አገሩን አቋርጠው ቪየና መጥተው ቻንስለሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ የርሃብ አድማ አደረጉ። ፎራርልበርግ ደግሞ ከፅቬንተንዶርፍ እጅግ ሩቅ ነው፣ ለስዊዘርላንድ ነው የሚቀርበው። «ታዲያ ምን አገባቸው?» ትሉ ይሆናል። አገባቸው እንጂ! ስዊዘርላንድ እነሱ ድንበር ላይ፣ ሩቲ የሚባል ቦታ፣ ኑክሌር ልትተክል አስባ ነበር። እነዚህ እናቶች ትምህርቱን የጨረሱት እዚያ ነው። ያንን ታግለው ነው ለዚህኛው የመጡት።

መንግሥት ምን አደረገ? በ1976 ሕዝቡን ላስረዳ ብሎ በየከተማው መድረክ ከፈተ። ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ምሁር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ፣ ደፋሮች ናቸው። ግን ነገሩ እንዳሰቡት አልሆነም። ሰው ለካ ብዙ ጥያቄ ነበረው። ከሁሉ ያፋጠጣቸው ጥያቄ ቀላል ነበር። ቆሻሻውስ? ነዳጁ ነዶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ለብዙ ሺህ ዓመት ጨረር የሚተፋ ዝቃጭ የት ይቀመጣል?

መልስ አልነበረም። አርማታው ተሞልቶ፣ ጭስ ማውጫው ቆሞ፣ የቆሻሻው ቦታ ገና እየተፈለገ ነው። በውጭ አገር ሁሉ እየተፈለገ ነው። አሁን ጆሯችሁን አቁሙ። በ1978 «እኔ በረሃዬ ላይ እቀበላችኋለሁ» ያለው ማን ይመስላችኋል? የግብፁ ሳዳት! ... አዎ፣ ሳቁ። የግብፅ ሕዝብ ግን አልሳቀም፣ እዚያም ተቃውሞ ተነሳ። ጎረቤት የሌለው ቦታ ምድር ላይ የለማ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የኑክሌር ነዳጁ መጣ። በመኪና እንዳያስገቡት ሰልፈኛ መንገድ ይዘጋል ብለው ፈሩ። በሄሊኮፕተር አስገቡት። እስቲ አስቡት፣ «ለእናንተ ጥቅም ነው» የምትለውን ነገር ከሰዎቹ ደብቀህ በሰማይ ስታስገባ!

በመጨረሻ ክራይስኪ «እሺ፣ ሕዝቡ ይወስን» አለ። እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነበር። ከድምፁ በፊት ግን አንድ ነገር ከአፉ ወጣ። ከተሸነፍኩ ሥልጣን ልለቅ እችላለሁ አለ። እሱን የማይወዱት ሁሉ «በለው!» አሉ። ለኑክሌር ደንታ የሌለው ሰው ክራይስኪን ለመጣል ሲል ተቃወመ። የገዛ ልጁ ፔተር ክራይስኪ ደግሞ ለአባቱ ጥላቻ ኖሮት ሳይሆን ኑክሌሩን ስላልፈለገ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ። ኦማም ቤት እንደዚያው ነበር። ባሏ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነው፣ «አዎ» አለ። እሷ «አይ» አለች። «አብረን ሄደን ድምፅ ሰጠን፣ አብረን ተመለስን፣ ምሳው ላይ ግን አልተነጋገርንም» ትላለች።

ኅዳር 5፣ 1978። የኛ ጥቅምት 26፣ 1971። ውጤቱ? «አይ» 50.47 በመቶ። «አዎ» 49.53 በመቶ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነቱ 30 ሺህ አይሞላም! ፎራርልበርግ ውስጥ ግን ከአምስት ሰው አራቱ «አይ» ነው ያለው። የእናቶቹ አገር ነዋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ ከርዕሱ። ያ ቀን ጥቅምት 1971 ነው ብያችኋለሁ። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ያኔ የት ነበራችሁ? ያኔ እኛ አገር ሕዝብ አስተያየቱን የሚሰጠው እንዴት ነበር? ቀበሌ ተጠርቶ። እጅ ተነስቶ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ። እጁን ያላነሳውን ሰው ስም የሚይዝ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። እዚህ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቻንስለሩን የሚያህል ሰው በ30 ሺህ ድምፅ ተሸነፈ፣ ማንም ሰው አልታሰረም። እንደውም በዓመቱ፣ በ1979 ግንቦት ላይ፣ ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ ያንኑ ክራይስኪን ከበፊቱ በበለጠ ድምፅ መልሶ መረጠው። «ኑክሌርህን አንፈልግም፣ አንተን ግን እንፈልጋለን።» ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድን ዕቅድ መቃወምና መንግሥትን መጥላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ጋ ግን አንድ ናቸው። አንድ ስላደረግናቸው ነው ሰው ዝም የሚለው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በታኅሣሥ 1978 ፓርላማው ኑክሌርን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1985 ሕጉን ለማንሳት ተሞክሮ በቂ ድምፅ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ቸርኖቤል ፈነዳ። ደመናው እስከዚህ መጣ። ኦማ ልጆቹን አሸዋ ላይ እንዳይጫወቱ ስትከለክል፣ ሰላጣ ስትጥል ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ያንሳው? በ1999 ክልከላው ሕገ መንግሥታዊ ሆነ። ይሄ ሁሉ የሆነው እንግዲህ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ከ1957 ጀምሮ በተቀመጠባት ከተማ ነው። በዩ-ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ስታልፉ የምታዩት የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ ያለው ድርጅት ነው። ለዓለም ስለ ኑክሌር የሚመክረው ድርጅት ቪየና ላይ ነው፣ ቪየና ግን ኑክሌር አትፈልግም።

እኔ ፅቬንተንዶርፍን ገብቼ አይቼዋለሁ። ያስጎበኛሉ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ የ70ዎቹ ፊልም ይመስላል፣ ያ ሁሉ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ያ ሁሉ ጌጅ። ሪአክተሩ አናት ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ታያላችሁ፣ ሌላ አገር በሚሠራ ጣቢያ እዚያ ቦታ መቆም አይታሰብም። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ኬብሉ ላይ ነው። ሙያዬ ነዋ! እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ መሰላችሁ። ኬብሉ ሁሉ ተደርድሮ፣ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ተጠርዞ። የሠሩት ሰዎች ደክመውበታል። ከ5 ቢሊዮን ሽሊንግ በላይ ነው የፈሰሰበት። ከድምፁ በኋላም ለዓመታት «ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል» እየተባለ፣ ሠራተኛ ደመወዝ እየተከፈለው ያልተነሳ ማሽን ሲወለውል ኖሯል። በኋላ ዕቃው ጀርመን ላሉ መሰል ጣቢያዎች መለዋወጫ ሆነ፣ ቦታው የባለሙያ ማሠልጠኛ ሆነ፣ ዛሬ ግቢው ላይ የፀሐይ ፓነል አለ።

እውነቱን ሁሉ ልንገራችሁ፣ የተቃዋሚዎቹን ብቻ አላወራም። ኑክሌሩ ሲቀር ኤሌክትሪኩ ከሰማይ አልወረደም። እዚያው ጎን፣ ዱርንሮር ላይ፣ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሠሩ። እስከ 2019 ድረስ ከሰል ሲያቃጥል ኖረ። ያ ጭስስ ጎረቤት የለውም? አለው። ስለዚህ «ሕዝቡ አሸነፈ፣ ሁሉም በደስታ ኖረ» የሚል ተረት ከእኔ አትጠብቁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጥያቄው መቼ ተጠየቀ? ግንባታው ካለቀ በኋላ! በ1972 ቢጠየቅ ኖሮ ወይ አይሠራም ነበር፣ ወይ ተሻሽሎ ይሠራ ነበር። ገንዘቡም አይባክንም፣ ሰዉም አይለያይም። ስድስት ዓመት ሙሉ አርማታ ሞልተህ ሞልተህ ከዚያ «ምን ትላላችሁ?» ይባላል? ከአርማታው በፊት ጠይቁን! ይኸው ነው እኔ የምለው።

አሁን የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ያደግኩት ሸዋ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለሁ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ቆዳ ፋብሪካ ሊተከል ነው ተባለ። ሕዝብ ተሰበሰበ። እኔ ከአክስቴ ነጠላ ሥር ተወሽቄ ነበር። አንድ ሰውዬ መጣ፣ ሱፍ ለብሷል፣ ስለ ሥራ ዕድል ተናገረ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ተናገረ። ተጨበጨበለት። አክስቴ ተነሳች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ጠላ ሸጣ ነው የምትኖረው። «ጌታዬ፣ ቆዳው የታጠበበት ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች። ሰውዬው ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ጥናት ተጠንቷል።» ሰዉ ሳቀ። እሷ አልተቀመጠችም። «እሱስ ይጠና። ውሃው ግን ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች። «ጥናት ተጠንቷል አልኩሽ እኮ!» ከዚያ ሊቀመንበሩ አስቀመጣት።

ፋብሪካው ተሠራ። ሥራ አልተገኘም አልልም፣ ተገኝቷል። የአክስቴ ልጅ ራሱ ተቀጥሯል። ውሃው ግን የሄደው እሷ እንደፈራችው ወደ ታች ነበር፣ እኛ ወደምንቀዳበት። ሽታው አያስበላም። ከብቶቹ ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ። አክስቴ ጠላዋን ለመጥመቅ ውሃ ሩቅ ቦታ እየሄደች ትቀዳ ነበር። ታዲያ «ጥናት ተጠንቷል» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል። ጥናቱን ማን አየው? በየትኛው ቋንቋ ተጻፈ? የተጠናው ወንዙ ነው ወይስ ትርፉ?

ሁለተኛ ነጥቤ ላይ ነኝ፣ ሰዓት አይታችሁልኛል? እሺ፣ ጊዜ አለ።

ጀርመን ደቡብ ምዕራብ፣ ራይን ወንዝ ዳር፣ ከፈረንሳይ ድንበር ላይ ቪውል የምትባል መንደር አለች። አካባቢው የወይን አገር ነው። ለሰዎቹ ወይን ማለት ለሲዳማና ለጅማ ገበሬ ቡና ማለት ነው፣ ኑሮም ነው፣ ክብርም ነው። በ70ዎቹ መጀመሪያ ኑክሌር ጣቢያ ይተከላል ተባለ። የገበሬዎቹ የመጀመሪያ ፍርሃት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ጨረር አይደለም። ጉም ነው! ከማቀዝቀዣ ማማዎቹ የሚወጣው እንፋሎት ፀሐዩን ይጋርድብናል፣ ወይናችን አይበስልም አሉ። ባለሥልጣናቱ ሳቁባቸው። የክፍለ ሀገሩ መሪ ሃንስ ፊልቢንገርማ ይሄ ጣቢያ ካልተሠራ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ መብራት ይጠፋል ብሎ አስፈራራ። እኔ እንደ ኤሌክትሪሻን ልንገራችሁ፣ ጣቢያው አልተሠራም፣ መብራቱም አልጠፋም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። በጥር 1975 የቪውል መንደር ሰው መሬቱ ለኩባንያው ይሸጥ ወይ ተብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። 55 በመቶው «ይሸጥ» አለ። አያችሁ? መንደሪቱ ራሷ ፈቅዳለች። ግብሩ ለእሷ ነው የሚገባው፣ ሥራው ለእሷ ነው። ያልፈቀዱት ዙሪያዋን ያሉት መንደሮች ናቸው። ግብሩ አይደርሳቸውም፣ ጉሙ ግን ይደርሳቸዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ጎረቤት ማነው? ካርታ ላይ በወረዳ ድንበር ውስጥ ያለው ነው ወይስ ንፋሱ የሚደርስበት?

የካቲት 17 ቡልዶዘሮች ገቡ። በማግስቱ ሰዎች መጡ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ የገጠር ሴቶች ናቸው፣ ማሽኖቹ ፊት ቆሙ፣ ሥራው ቆመ። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ በብርድ ውሃ እየረጨ አባረራቸው። ያንን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ተቆጣ። በዚያው ሳምንት እሁድ ከ20 ሺህ በላይ ሰው መጥቶ ቦታውን መልሶ ያዘው። ከወንዙ ማዶ፣ ከፈረንሳይ አልዛስ፣ ሳይቀር መጡ። ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ሥጋታቸውም አንድ ነው። ለወራት እዚያው ጫካ ውስጥ ከረሙ። እዚያ ያደረጉትን ነው እኔ የምወደው። የእንጨት ቤት ሠሩና ትምህርት ቤት ከፈቱበት። ማታ ማታ የፊዚክስ ምሁር ይመጣል፣ ሐኪም ይመጣል፣ ገበሬው ጭቃ ጫማውን አውልቆ ስለ አቶም ይማራል። «አታውቁም» ተባሉ፣ እነሱም «እንግዲያው እንማር» አሉ። መጋቢት ላይ ፍርድ ቤት ግንባታውን አገደ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ በኋላ ላይ ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈርዶ ነበር እንኳ፣ ግን ጊዜው አልፎበት ሳይሠራ ቀረ። ዛሬ ቦታው ጥብቅ ደን ነው።

ሦስተኛው እኛ ነን። እዚህ ላይ እፈጥናለሁ፣ ምክንያቱም ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።

ከእኛ ጎረቤት ልጀምር። ኬንያ የመጀመሪያውን 1,000 ሜጋ ዋት ኑክሌር ኪሊፊ፣ ኡዮምቦ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ላይ ልትተክል አስባ ነበር። አሣ አጥማጆቹ አልፈለጉም። እዚያ አጠገብ ማንግሮቭ የሚባል የባሕር ዳር ዛፍ የበቀለበት ሚዳ የሚባል የባሕር ሰርጥ አለ፣ የአራቡኮ ሶኮኬ ደን አለ፣ ቱሪስት የሚመጣው ለዚያ ነው። በ2024 ሰልፍ ወጡ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፣ ተደበደቡ። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ ዓይን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ሲያያ ዞረ። ዱላው ግን ኡዮምቦ ቀረ። ሳይጠየቁ የተጀመረ ነገር ነው እንዲህ የሚያልቀው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ። መጀመሪያ ለተቃዋሚዎቹ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሙኝ። እዚህ ቪየና፣ ማሞቂያ እየሞቅን፣ ስልካችን ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ «ኑክሌር አያስፈልግም» ማለት ቀላል ነው። አገራችን ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። በኩራዝ የሚያጠናው ልጅ ሳይጠየቅ የተወሰነ ተቃውሞም ያው ሳይጠየቅ የተወሰነ ነገር ነው። እሱም ጎረቤት ነው።

ለደጋፊዎቹ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። አክስቴ እንደጠየቀችው። ቦታው የት ነው? ስምጥ ሸለቆ በአገራችን መሃል ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ፣ ሕዝብ በአሥር ሺዎች ከቤቱ ሲወጣ አይታችኋል፣ አዲስ አበባ ሳይቀር ፎቅ ላይ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ሌሊት ወጥተው አድረዋል። ማቀዝቀዣ ውሃው ከየትኛው ወንዝ ነው? ያ ወንዝ ክረምት ከበጋ ስንት ነው? ቆሻሻው የት ይቀመጣል? ሩሲያ ትወስደዋለች ከተባለ የት ላይ ነው የተጻፈው? የሚነሳው ገበሬ ካሳው ስንት ነው፣ ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንድ ደግሞ ከሙያዬ፣ መስመሩስ ይችለዋል ወይ? ትልቅ ሪአክተር በድንገት ሲጠፋ ያን ያህል ኃይል በአንድ ሰከንድ ከመስመሩ ይወጣል። መስመሩ ደካማ ከሆነ አገር ሙሉ ይጨልማል። ለዚህ ነው አንድ ማሽን ከጠቅላላው ኃይል አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ የሚመከረው። እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የልማት ጠላት ነው?

«ጥናት ተጠንቷል» እንዳትሉኝ! ጥናቱን አምጡት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ ጣቢያው በሚተከልበት ሰው ቋንቋ አምጡት። ኦስትሪያ በ1976 እንዳደረገችው ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ግን እንደ ኦስትሪያ ጭስ ማውጫው ከቆመ በኋላ አይሁን። ሰው «አይ» ካለ ደግሞ «አይ» ማለቱን ጻፉት፣ ስሙን ግን አትያዙት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኦስትሪያኖቹ የራሳቸውን ዘግተው ዝም አላሉም። ቼክ ድንበራቸው አጠገብ ተሜሊን ላይ ኑክሌር ጣቢያ ስትገነባ በ2000 መንገድ ዘጉ፣ በ2002 ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ተሜሊን ግን ዛሬም ይሠራል። ከጎረቤት አገር የሚገባው ኤሌክትሪክም የትኛው ከኑክሌር እንደሆነ ሶኬቱ ላይ አይጻፍም። እኔ ሶኬቱን እቀይራለሁ፣ ምን እንደሚመጣበት ግን አላውቅም። ይሄን የምለው ሁሉም ተቃውሞ ያሸንፋል ብላችሁ እንዳትሄዱ ነው።

ወደ ፅቬንተንዶርፍ ለመሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ ላለችው እህት ስጡ። ቅዳሜ ቀን እንሄዳለን፣ ቡድን ስንሆን ቀድመን ማስመዝገብ ስላለብን እባካችሁ «እመጣለሁ» ብላችሁ አትቅሩ፣ ሐበሻን አውቃለሁ። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ደረጃው ብዙ ነው።

አሁን ማይኩን እዚያ ጥግ ለተቀመጠው ወንድማችን ስጡልኝ። ኢንጂነር ነው፣ ኑክሌሩን ይደግፋል፣ እኔ ሳወራ ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ይናገር፣ አትቁረጡት።